ዘር ያለ አፈር አይበቅልም

ስለ እግር ዝሆኔ፣ ስለ ልብ በሽታና ስለ ሰው ክሮሞዞም
(ከአንድ ዕጩ መምህር)



ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ነው። በማስተማር ልምምድ ጊዜ ከሶዶ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ሳይንስ እንዳስተምር ተመድቤ ነበር። የዕለቱ ትምህርት ልጆች ወላጆቻቸውን ለምን እንደሚመስሉ የሚያስረዳ ነው። ቁመት፣ የጸጉር ዓይነት፣ የቆዳ ቀለም እያልኩ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ዘረዘርኩ። ደወል ተደውሎ ተማሪዎቹ ሲወጡ አንድ ልጅ ወደ ኋላ ቀረና ድምፁን ዝቅ አድርጎ በወላይትኛ፣ «መምህር፣ የእግር እብጠትም እንደዚሁ ይወረሳል ወይ? እናቴን እግሯን ያማታል» ሲል ጠየቀኝ።

እኔም ለሚቀጥለው ክፍል ቸኩዬ ስለ ነበር፣ «አዎ፣ በዘር የሚመጣ ነገር አለበት» ብዬው ወጣሁ።

የተናገርኩት ውሸት አልነበረም፤ ነገር ግን ግማሽ ነበር። ልጁ በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ቀረ። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ቀን አልመጣም። የቀረው በእኔ መልስ ምክንያት ይሁን ወይም በሌላ ጉዳይ፣ በዚያን ጊዜ አላወቅኩም። ይሁንና ነገሩ እንቅልፍ ነሣኝ። ምክንያቱም በአገራችን «በዘር ነው» የሚባለው ቃል ቀላል ቃል አይደለም። «ዘራቸው እንደዚህ ነው» ተብሎ ስንት ጋብቻ ፈርሷል፣ ስንት ልጃገረድ ከቤት ቀርታለች!

ስለዚህ መምህራኖቼን ጠየቅኩ፣ ያገኘሁትንም አነበብኩ። ያገኘሁት ነገር እኔን በጣም አስገረመኝ። ለካስ በዓለም ላይ ስለዚህ በሽታና ስለ ሰው ክሮሞዞም ከተደረጉት ምርምሮች ዋነኞቹ የተካሄዱት እዚሁ በእኛ ወላይታ ነው! ቀይ አፈሩን በየቀኑ እየረገጥን ይህን አለማወቃችን ያሳዝናል። ከዚህ በታች የማቀርበው የተረዳሁትን ያህል ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በሽታው ምንድን ነው?

እግርን የሚያሳብጠው ዝሆኔ የሚባለው በሽታ በዋነኛነት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በትንኝ ንክሻ በሚተላለፍ ቀጭን ትል የሚመጣና በቆላማ አካባቢ የሚገኝ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ትልም ትንኝም የሌለበት፣ በደጋና በወይና ደጋ በባዶ እግራቸው የሚሄዱ ገበሬዎችን የሚይዝ ነው። በወላይታ ደጋማ ቀበሌዎች በብዛት የምናየው ይህ ሁለተኛው ነው። የሳይንስ ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ቃሉ ከግሪክ የተወሰደ ሲሆን «እግር» እና «አቧራ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ያጣመረ ነው። ስሙን ያወጡለት ኧርነስት ፕራይስ የተባሉ እንግሊዛዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ናቸው። እኚህ ሰው በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ሲሠሩ በሽታውን ተከታትለው አጥንተዋል።

በሽታው የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ በልጅነት ወይም በጉርምስና ዕድሜ ነው። ይህን መምህር የሆነ ሰው ሁሉ ልብ ሊለው ይገባል። መጀመሪያ የእግር ጣቶች አካባቢ ያሳክካል፤ ሌሊት እግርን ያቃጥላል፤ ጠዋት የነበረ እብጠት ማታ ይጨምራል፤ ጣቶቹ ይራራቃሉ። ከዚያ እብጠቱ ቀስ በቀስ ወደ ቁርጭምጭሚትና ወደ ባት ይወጣል፤ ከጉልበት በላይ ማለፉ ግን እምብዛም ነው። ሁለቱም እግሮች ይታመማሉ፤ ሆኖም መጠናቸው እኩል አይደለም። በየጊዜውም ትኩሳትና ብርቱ ሕመም እየተነሣ በሽተኛውን ለቀናት አልጋ ላይ ያውለዋል።

በ2003 የታተመ ጥናት በወላይታ ከመቶ ሰው 5.46 ያህሉ በዚህ በሽታ እንደ ተያዘ አመልክቷል። ይኸውም ከሃያ ሰው አንድ እንደ ማለት ነው። በ2006 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አንድ በሽተኛ በዓመት ከሥራ ቀኑ ውስጥ 45 ከመቶ ያህሉን እንደሚያጣና ዞኑ በዚህ ምክንያት በዓመት 16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያህል እንደሚከስር አስልቷል። በመላ ኢትዮጵያ በ2017 በወጣ ግምት መሠረት የበሽተኞቹ ቁጥር 1.5 ሚሊዮን ያህል ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2011 በሽታውን ችላ ከተባሉት የሐሩር አካባቢ በሽታዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል።

አፈሩ ምን ያደርጋል?

በሽታው በየትኛውም አፈር ላይ አይገኝም። የሚገኘው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ ሸክላማ አፈር ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታና በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚዘንብበት አገር ነው። ከዳሞት ተራራ ግርጌ ጀምሮ ዙሪያችንን ብንመለከት ይህ መግለጫ የማንን አገር እንደሚመስል ለመናገር አያስቸግርም።

አፈሩ ውስጥ እጅግ የደቀቁ፣ በዓይን የማይታዩ የማዕድን ቅንጣቶች አሉ። ሲሊካ፣ አሉሚኒየምና ብረት ያለባቸው ናቸው። ሰው በባዶ እግሩ ሲያርስ፣ ሲቆፍር፣ ገበያ ሲሄድ እነዚህ ቅንጣቶች በተሰነጣጠቀው ተረከዝና በእግር ቆዳ በኩል ወደ ውስጥ ይገባሉ። በሰውነታችን ውስጥ ባዕድ ነገርን የሚውጡ ሕዋሳት አሉ፤ እነሱም ቅንጣቶቹን ይውጧቸዋል። ነገር ግን ድንጋይ አይፈጭም። ሕዋሳቱ ይቆጣሉ፣ ሥፍራው ይቆስላል፣ ቁስሉም ጠባሳ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ሊምፍ የሚባለው ፈሳሽ የሚመላለስባቸው ቀጫጭን ቧንቧዎች ይዘጋሉ። መውጫ ያጣው ፈሳሽም እንደ ተደፈነ ቦይ እዚያው ይጠራቀማል። እብጠቱ እንግዲህ ይህ ነው።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ትልቅ ቁም ነገር በሽታው ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ መሆኑን ነው። አብሮ በመብላት፣ አብሮ በመቀመጥ፣ እግር በማጠብ አይያዝም። ይሁን እንጂ በ2010 የወጣ አንድ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከተጠየቁት የጤና ባለሙያዎች መካከል እንኳ ግማሽ ያህሉ በሽታው ተላላፊ ይመስላቸው ነበር። የተማረው ሰው እንዲህ ካሰበ በመንደር ያለው ወገናችን ቢሸሽ ምን ይገርማል?

ጎረቤታሞች ለምን እኩል አይታመሙም?

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ። በአንድ ቀበሌ ያሉ ሰዎች ሁሉ ያንኑ ቀይ አፈር ይረግጣሉ። ታዲያ አንዱ ታሞ ሌላው የሚድነው ለምንድን ነው? ደግሞስ በአንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ ሦስትና አራት ሰው የሚታመመው ለምንድን ነው?

ፕራይስ ይህን አስተውለው በዘር የሚተላለፍ ምክንያት ሊኖር እንደሚችል በ1972 ጽፈው ነበር። ጥርጣሬው በቁጥር የተፈተነው ግን ቆይቶ ነው። በ2007 ታትሞ በወጣ ጥናት ጌይል ዴቪና የሥራ ባልደረቦቻቸው በወላይታ በሽታው ያለባቸውን 59 ቤተሰቦች የዘር ሐረግ እስከ ብዙ ትውልድ መዝግበው መረመሩ። ያገኙት ውጤት ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ የበሽተኛ ወንድም ወይም እህት የሆነ ሰው ከሌላው ሕዝብ ይልቅ የመታመም ዕድሉ 5.07 ጊዜ ይበልጣል። ሁለተኛ፣ በሰዎች መካከል ከሚታየው የመታመምና ያለመታመም ልዩነት 63 ከመቶ ያህሉ ከውርስ ጋር የተያያዘ ነው። ሦስተኛ፣ ዕድሜና ጫማ ማድረግም በውጤቱ ላይ ግልጽ ድርሻ አላቸው። ይህን ሦስተኛውን ነጥብ አንርሳው፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ክሮሞዞም ሲባል

በትምህርት ቤት እንደተማርነው፣ ሰውነታችን የተሠራው ከሕዋሳት ነው። በእያንዳንዱ ሕዋስ እንብርት ውስጥ ክሮሞዞም የሚባሉ እንደ ክር የተጠማዘዙ ነገሮች ይገኛሉ። የሰው ልጅ ክሮሞዞም 46 ነው፤ 23ቱ ከእናት፣ 23ቱ ከአባት የመጡ ናቸው። በእነዚህ ክሮች ላይ ሰውነታችን እንዴት እንደሚሠራ የሚያዝዝ ጽሑፍ በኬሚካል ፊደል ተጽፏል። ፊደላቱ አራት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ሙሉ ጽሑፍ ግን ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደላት አሉት። አንድን ነገር የሚያዝዘው የጽሑፉ ክፍል ዘረ መል ወይም ጂን ይባላል።

እዚህ ላይ ለእኛ ለመምህራን የሚሆን አንድ ታሪክ አለ። እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ድረስ፣ ከ30 ዓመት በላይ፣ የዓለም መማሪያ መጻሕፍት የሰው ክሮሞዞም 48 ነው እያሉ ያስተምሩ ነበር። በ1956 ቲዮ እና ሌቫን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ስዊድን አገር ሉንድ ላይ በጥንቃቄ ቆጥረው 46 መሆኑን አስታወቁ። ስንቱ ፕሮፌሰር በማይክሮስኮፕ እያየ 48 ሲቆጥር ኖሯል! ስለዚህ መሳሳት ነውር አይደለም፤ ነውሩ ስሕተትን አውቆ ዝም ማለት ነው።

በ6ኛው ክሮሞዞም ላይ የተገኘው

የቤተሰብ ጥናቱ «ውርስ አለበት» አለ እንጂ ውርሱ ከ46ቱ ክሮሞዞሞች በየትኛው ላይ እንደ ተጻፈ አልተናገረም። ይህን ለማወቅ ፋሲል ተኮላ አየለ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ሌላ ሥራ ጀመሩ። በሥራው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የእንግሊዝ አገሩ የብራይተንና ሰሴክስ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ እንዲሁም የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ባለሙያዎች ተካፍለዋል።

ዘዴው ለመረዳት አያስቸግርም። ከወላይታ 194 በሽተኞችና 203 ጤነኞች ተመረጡ። በየአንዳንዳቸው ክሮሞዞሞች ላይ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ቦታዎች ተነበቡ። ከዚያም «በሽተኞቹ ላይ በብዛት፣ ጤነኞቹ ላይ በጥቂቱ የሚገኘው የትኛው ፊደል ነው?» ተብሎ ተነጻጸረ። ውጤቱ በአጋጣሚ የመጣ እንዳይሆን ደግሞ 202 ጊዜ በሽተኛውን ከእናቱና ከአባቱ ጋር ሦስት ሦስት እያደረጉ አረጋገጡ። ጥናቱ በ2012 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በተባለው ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ።

የተገኘው ልዩነት በ6ኛው ክሮሞዞም ላይ፣ ኤች ኤል ኤ በሚባለው ሠፈር ነው። የዚህ ሠፈር ዘረ መሎች የሰውነታችንን የመከላከያ ኃይል ከሚመሩት ውስጥ ናቸው። ሥራቸውን በምሳሌ ላስረዳ። ወደ ግቢ የሚገባውን ሰው ዕቃ ዘበኛው ተቀብሎ ለአለቃው ያሳያል እንበል። አለቃው ዕቃውን አይቶ «ይለፍ» ወይም «ይያዝ» ይላል። በሰውነታችንም ውስጥ ባዕድ ነገር የዋጠው ሕዋስ የነገሩን ቁራጭ በኤች ኤል ኤ ላይ አስቀምጦ ለነጭ የደም ሕዋሳት ያሳያል። እንግዲህ የዘበኛው አያያዝ ከሰው ሰው ይለያያል። በአንዱ ሰው ውስጥ የአፈሩ ቅንጣት ብዙም ሁከት ሳያስነሣ ያልፋል፤ በሌላው ውስጥ ግን ነጭ የደም ሕዋሳቱ ክፉኛ ተቆጥተው የራሱን የሊምፍ ቧንቧ ያቆስላሉ። ተመራማሪዎቹ ውጤቱ ወደዚህ እንደሚያመለክት ጽፈዋል።

ታዲያ ይህ «መጥፎ ዘር» ነው ማለት ነው? በጭራሽ! ኤች ኤል ኤ በሰው ልጆች መካከል እጅግ የተለያየ ነው፤ ልዩነቱም ይጠቅማል። ለአንዱ በሽታ የሚያጋልጠው ዓይነት ከሌላው በሽታ ሊያድን ይችላል። ሁላችንም ለአንድ ነገር ጠንካሮች፣ ለሌላው ደካሞች ነን።

63 ከመቶ ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እኔም ተሳስቼ ነበር። 63 ከመቶ ሲባል የበሽተኛ ልጅ የመታመም ዕድሉ 63 ከመቶ ነው ማለት አይደለም። ቁጥሩ የሚናገረው፣ ያንኑ አፈር በሚረግጥ አንድ ሕዝብ ውስጥ በሰውና በሰው መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህሉ ከውርስ እንደ መጣ ነው። አፈሩን የማይረግጥ ሕዝብ ላይ ቁጥሩ ትርጉም የለውም።

ሻካራ ሒሳብ እንሥራ። ከመቶ ሰው 5.46 የሚታመም ከሆነና ለበሽተኛ ወንድም ወይም እህት ይህ በ5.07 ቢባዛ 27.68 ይመጣል። ይኸውም ከመቶ ወንድሞችና እህቶች 28 ያህሉ ይታመማሉ፣ 72ቱ ግን አይታመሙም ማለት ነው። ያውም ብዙዎቹ በባዶ እግራቸው እየሄዱ! ስለዚህ ወንድሙ ወይም እናቱ የታመመበት ልጅ ከሌላው የበለጠ መጠንቀቅ ይገባዋል እንጂ የተፈረደበት አይደለም።

ከሒሳቡ ይልቅ የሚያሳምነው ግን ታሪክ ነው። ይህ በሽታ ዱሮ በሰሜን አፍሪካ በአልጄሪያ፣ በቱኒዚያና በሞሮኮ፣ እንዲሁም በካናሪ ደሴቶች፣ በፈረንሳይ፣ በአየርላንድና በስኮትላንድ ነበር። ዛሬ እዚያ የለም። እነዚያ ሕዝቦች ክሮሞዞማቸውን ለውጠው ነው ወይ? አይደለም። አፈራቸውንም አልቀየሩም። የተለወጠው ሕዝቡ በሙሉ ጫማ ማድረጉ ነው። ዘሩ አለ፣ አፈሩም አለ፤ ነገር ግን በመካከላቸው የጫማ ሶል ገባ፤ በሽታውም ጠፋ።

ገበሬ አባቶቻችን የሚያውቁት ነገር ነው። ምርጥ ዘር በጎተራ ተቀምጦ አይበቅልም፤ አፈርና ዝናብ ይፈልጋል። የበሽታም ዘር እንዲሁ ነው። አፈሩን ካላገኘ አይበቅልም።

የልብ በሽታስ?

ከመምህራኖቻችን አንዱ ይህን ጽሑፍ በረቂቁ አይተው «ስለ ልብም ጨምርበት፤ ተማሪዎችህ ላይ የምታየው እሱንም ነው» ስላሉኝ በአጭሩ እጨምራለሁ።

የልብና የክሮሞዞም ግንኙነት በሁለት መንገድ ይታያል። አንደኛው በውልደት የሚመጣ ነው። በ1959 በፈረንሳይ አገር ለዠን፣ ጎቲየና ቱርፓን የተባሉ ተመራማሪዎች ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ልጆች 21ኛው ክሮሞዞም በሁለት ፈንታ ሦስት፣ ጠቅላላውም 47 መሆኑን ገለጡ። ከእነዚህ ልጆች ግማሽ ያህሉ ሲወለዱ ጀምሮ የልብ ጉድለት አለባቸው። እንዲህ ያለ ልጅ በክፍላችን ቢገጥመን ቶሎ የሚደክመው በስንፍና እንዳልሆነ እንወቅ። ይህ የክሮሞዞም መጨመር በአብዛኛው በአጋጣሚ የሚደርስ እንጂ የወላጅ ኃጢአት ወይም እርግማን አይደለም።

ሁለተኛው በኢትዮጵያ ወጣቶችን በብዛት የሚጎዳው የልብ ቧንቧ በር በሽታ፣ ማለትም የሩማቲክ የልብ በሽታ ነው። የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ጉሮሯቸውን ያቆስላል። የመከላከያ ኃይላቸው ባክቴሪያውን ሲዋጋ አንዳንድ ጊዜ ይሳሳትና የራሱን የልብ በር ይወጋል። ደግሞስ የትኛው ልጅ ልቡ ይጎዳል፣ የትኛው ይድናል? ተመራማሪዎች እዚህም ላይ ያተኮሩት በዚያው በ6ኛው ክሮሞዞም በኤች ኤል ኤ ሠፈር ላይ ነው። በ2017 በአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ላይ የተደረገ ጥናት ከዚህ ሠፈር ጋር ዝምድና አግኝቷል። ስለዚህ የእግሩ በሽታና የልቡ በሽታ የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው ለማለት ይቻላል። በሁለቱም ዘንድ ውጫዊ ጠላት አለ፤ በሁለቱም ዘንድ ከልክ ያለፈ የራስ ቁጣ አለ።

መፍትሔውም እንዲሁ ክሮሞዞምን መለወጥ አይደለም። የጉሮሮ ሕመምና ትኩሳት ያለበትን ልጅ እንጥሉን ከማስቆረጥ ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ነው። ፔኒሲሊን ርካሽ መድኃኒት ነው። አንዴ ሩማቲክ ትኩሳት የያዘው ልጅም በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋው መርፌ ልቡን ይጠብቅለታል። በር የተበላሸበት ልብ ግን ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል በ2009 ተከፍቷል፤ ነገር ግን ከመላ አገሪቱ ለሚመጣው በሽተኛ ሁሉ ቀዶ ሕክምና እንዴት ይዳረስ? ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ የተባለው ለዚህ ነው።

ጥናቱና የሰው ክብር

እስከ አሁን ያልኩት ስለ ክሮሞዞም ነው። ነገር ግን እኔን ከሁሉ ይበልጥ የነካኝ ሌላ ነገር ነው። ተመራማሪዎቹ ናሙና ከመሰብሰባቸው በፊት እዚህ ወላይታ ውስጥ ሕዝቡን አነጋግረው ነበር። ውጤቱ በ2009 ታትሟል። ሰዎች ለመሳተፍ ያመነቱበት አንዱ ምክንያት፣ ጥናቱ በሽታው በቤተሰብ የሚሄድ መሆኑን አደባባይ አውጥቶ መገለሉን ያባብስብናል ብለው መፍራታቸው ነበር።

አስቡት እንግዲህ! መርፌውን ወይም ምርመራውን አይደለም የፈሩት። «በዘር ነው» የምትለዋን ቃል ነው። እኔ ደግሞ ያቺኑ ቃል ለአንድ ልጅ በር ላይ ቆሜ ወርውሬለት ሄድኩ።

ከዚህ የተማርኩት እውቀት እንዴት እንደሚነገርም ራሱ የእውቀቱ ክፍል መሆኑን ነው። ስለ ውርሱ ስንናገር ስለ አፈሩና ስለ ጫማውም በዚያው አፍ፣ በዚያው ሰዓት መናገር አለብን። ግማሹን ለሌላ ቀን ማሳደር አይገባም።

ከመምህር ምን ይጠበቃል?

በሽታው አንዴ ከገባ ሕክምና የለውም የሚሉ አሉ። ስሕተት ነው። እግርን በየቀኑ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ የጤና ባለሙያ ባሳየው መጠን በረኪና ጠብ በተደረገበት ውሃ መዘፍዘፍ፣ አድርቆ ቫዝሊን መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ፣ ሲቀመጡም እግርን ከፍ ማድረግ እብጠቱን ይቀንሳል፣ ሽታውን ያጠፋል። በ2018 በምሥራቅ ጎጃም 696 በሽተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ውጤት ወጥቶ ነበር። በዚያም ይህን እንክብካቤ ያገኙት ሰዎች ላይ ድንገተኛው ትኩሳትና ሕመም በአንድ አምስተኛ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። በወላይታም ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሞሲ ፉት በሚል ስም የሚታወቀው ማኅበር ሶዶን መነሻ አድርጎ በሽተኞችን ሲያክም ቆይቷል። ከበሽተኞቹ መካከል የተሻላቸውን አሠልጥኖ ሌሎቹን እንዲረዱ፣ ለአበጠ እግር የሚሆን ጫማም እንዲሰፉ አድርጓል። ያበጠ እግር በገበያ ጫማ አይገባማ!

እኛ ግን ሐኪሞች አይደለንም፤ መምህራን ነን። ድርሻችን የሚከተለው ይመስለኛል።

1ኛ. እግሩን ደጋግሞ የሚያክክ፣ ጣቶቹ የተራራቁ ወይም ያበጠ እግር ያለው ተማሪ ስናይ በክፍሉ ፊት ሳይሆን ለብቻው ጠርተን ማነጋገርና ከወላጁ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ መምራት።

2ኛ. «ተላላፊ አይደለም» የሚለውን በግልጽ ማስተማር። እንዲህ ዓይነት ተማሪ ብቻውን እንዲቀመጥ መፍቀድ የለብንም። መቀመጫውን የምንደለድለው እኛ ነን።

3ኛ. በትምህርት ቤት እግር መታጠቢያ ውሃ እንዲኖር መጣር። ጫማ የሌለው ልጅ ቢያንስ ከእርሻና ከኳስ ጨዋታ በኋላ ቢታጠብ አፈሩ ቆዳው ላይ አያድርም።

4ኛ. ጫማ የሌለውን ልጅ አለመገሠጽ። ድኻ መሆን ጥፋት አይደለም። ከወላጅ ኮሚቴ ጋር ተመካክሮ መላ መፈለግ ግን ይቻላል። ጫማ ያለው ልጅም ለበዓልና ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ማስቀመጡን ትቶ በእርሻ ላይ እንዲያደርገው መምከር ያስፈልጋል፤ በሽታው የሚገባው እዚያ ነውና።

5ኛ. ስለ ውርስ ስናስተምር ምሳሌ አድርገን የማንንም ቤተሰብ አለመጥቀስ።

በመጨረሻ

ልጁ በአራተኛው ቀን መጣ። ከኋላ መቀመጫ ላይ ሆኖ እግሮቹን ከዴስኩ ሥር ሰብስቦ ነበር። ከትምህርት በኋላ ጠርቼው «ያን ቀን የነገርኩህ ግማሹን ነው፤ ሌላውን ግማሽ ልንገርህ» አልኩት። ስለ አፈሩ፣ ስለ ጫማው፣ በሌላ አገር በሽታው ስለ መጥፋቱ በወላይትኛ አስረዳሁት። የቀረው ለምን እንደ ሆነም ጠየቅኩት። እናቱን ትኩሳቱ ተነሥቶባት አልጋ ላይ ስለ ነበረች ውሃ ይቀዳ፣ ታናናሾቹንም ይጠብቅ እንደ ነበር ነገረኝ። በእኔ መልስ ምክንያት አልቀረም ማለት ነው። ቢሆንም ቀና ብሎ አይቶኝ፣ «ታዲያ እኔ ሳድግ ማግባት እችላለሁ ማለት ነው?» አለኝ።

የ7ኛ ክፍል ልጅ ነው። ለሦስት ቀን ውሃ ሲቀዳ የሚያስበው ይህን ኖሯል።

«ትችላለህ» አልኩት። «ልጆችህንም ጫማ ታደርግላቸዋለህ።» ከዚያም ስለ እናቱ ሕክምና የት መጠየቅ እንደሚቻል ጽፌ ሰጠሁት፤ ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ነገርኩ። የእናቱ እግር እንደ ዱሮው ይሆናል ብዬ ግን ተስፋ አልሰጠሁትም፤ ትኩሳቱ እየቀነሰ፣ እብጠቱ እየጎደለ ሊሄድ እንደሚችል ብቻ ነገርኩት።

ውድ ጓደኞቼ፣ ነገ ሁላችንም ወደየተመደብንበት እንሄዳለን። አንዱ ወደ ሁምቦ፣ አንዱ ወደ አረካ፣ ሌላው ወደ ኦፋ ይደርሰዋል። ይህ ጥያቄ ሳይመጣባችሁ አይቀርም፤ የሚመጣውም ደወል ከተደወለ በኋላ፣ በዝቅተኛ ድምፅ ነው። በዚያን ጊዜ አትቸኩሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ሕዝቡ በሽታውን እንዳይደብቅ ግን መጀመሪያ እኛ የምንሰጠው መልስ የሚያሳፍረው መሆን የለበትም።